ሳይቶሜጋሎቫይረስን መለየት፦ ደም ያልነገረንን ዓይን ሲነግረን

የመከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይ ሳይቶሜጋሎቫይረስን ለመለየት የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ አይበቃም እላለሁ። በአገራችን አብዛኛው አዋቂ ቫይረሱ ቀድሞ ስለያዘው፣ ውጤቱ የቆየውን እንጂ የዛሬውን ሕመም አያመለክትም። የቫይረሱን ዘረመል በደም ውስጥ የሚፈልገው ፒሲአርም በዓይን የተወሰነውን ሕመም ሊስት ይችላል።

ስለዚህ ሳሪስ አቦ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ፣ የሲዲ4 ቁጥሩ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ50 በታች የሆነ ታካሚ «ዓይኔ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይንሳፈፍብኛል» ቢለን፣ ሕመም አልተሰማውም ብለን አንዘናጋ። ወደ ዓይን ሐኪም፣ ለምሳሌ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ፈጥነን እንላከው፤ ብሌኑ በጠብታ ሰፍቶ ሬቲናው ይታይ። የሞተ ሬቲና አይመለስም፤ የቀረውን ግን ጋንሲክሎቪርና የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ሊያተርፉት ይችላሉ።