በእንግሊዝኛ ኢሜይል ውስጥ ቀለል ያለ አጻጻፍና ስሕተት ስለሚለዩበት

በሽንሌ የሚኖር አስመጪ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ኢሜይል ሲደርሰው፥ እንግዳ የሆነበትን ቃል ሁሉ ስሕተት ነው ማለት አይገባውም። ላኪው «ፕሊዝ» የሚለውን በሦስት ፊደል ቢያሳጥር፥ 10,000 ለማለትም ከ10 ቀጥሎ «ኬ» ቢጽፍ፥ ይህ የወዳጅነት አጻጻፍ ነው፤ ትርጓሜው አይለወጥም። የሕንድ ነጋዴም «ሪቨርት» ቢል መልስ ስጡን ማለቱ ነው፤ በአገሩ የጽሕፈት ቤት ልማድ የታወቀ ቃል ነውና እንደ ጥፋት አይቈጠርበትም።

የሚያስፈራው ሰዋስዉ ያማረ ስሕተት ነው። በጅቡቲ ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ስለሆነ፥ ጸሐፊው አሳቡን ከፈረንሳይኛ ሲያመጣ «ኢቨንቹዋሊ» ብሎ የሚጽፍበት ጊዜ አለ። ቃሉ በእንግሊዝኛ «በመጨረሻ» ማለት ሲሆን የፈረንሳይኛው አምሳያው ግን «ምናልባት» ነው። እንግዲህ «ዕቃው ኢቨንቹዋሊ ሐሙስ ይጫናል» የሚለውን አምኖ የጭነት መኪና የተከራየ ነጋዴ፥ መኪናው ወደቡ ላይ ባዶውን ቆሞ ቢውል ኪራዩን የሚከፍል እርሱ ራሱ ነው።

እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥም ቀኑ ተቈርጦ እንዲላክ በአንድ መስመር መጠየቅ ይበቃል። ወሩም በስሙ ይጻፍ፤ 05/06 ለእንግሊዙ ጁን 5፥ ለአሜሪካዊው ሜይ 6 ነውና።