ሶላሩ ሲቀዘቅዝ፤ ከመለወጥ በፊት መመርመር

በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያዎች መበራከታቸው ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከአያት እስከ ለቡ ቤት የሚሠራ ሰው ቆርቆሮውን ሳይመታ ስለ ሶላር ያስባል፤ ቤት የሚያሻሽጥ ደላላም «ሶላር አለው» የሚለውን ከመኪና ማቆሚያው ቀጥሎ ይጠራል። ይሁንና ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ «ሶላሩ አልሞቅ አለ» የሚለው እሮሮ ይከተላል። ባለቤቱ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፤ ሠራተኛው ከታች ሆኖ ቀና ይልና «ይኼ አብቅቶለታል» ይላል። አሮጌው ለቁራሌው በርካሽ ይሄዳል፤ አዲሱ ይገዛል።

ይህ አካሄድ ቀድሞም ቢሆን የሚያዋጣ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና የአንድ ዶላር ዋጋ በባንኮች ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባን ዕቃ ሳይመረምሩ መጣል ትልቅ ኪሳራ ነው። አስገራሚው ነገር በጣሪያ ላይ ያለው ማሞቂያ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ በቀላሉ «የማይሞት» መሆኑ ነው። በተለመደው ዓይነት ውስጥ የሚሽከረከር ሞተር የለም፤ ፓምፕም የለም። ፀሐይ የሞቀችው ውኃ ይቀልና ወደ ላይ ወደ በርሜሉ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ዑደት የሚቆመው አንድ ነገር ሲዘጋው ወይም ውኃው ሲያልቅ ነው። ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የሚገኘው ፀሐይ በሚቀበለው ክፍል ሳይሆን በቧንቧው መስመር ነው።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ሶላሩ ከመቼ ጀምሮ እንዳልሠራ ነው። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ አብዛኛው ባለቤት መልሱን አያውቀውም። ምክንያቱም በብዙዎቹ ማሞቂያዎች ውስጥ ለደመናማ ቀን የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ አለ፤ ብሬከሩም ዓመቱን ሙሉ ተከፍቶ ይተዋል። ፀሐዩ ክፍል ሥራውን ሲያቆም ሬዚስታንሱ ሳያሳብቅ ይተካዋል፤ ቤተሰቡ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ በጣሪያ ላይ ያለው ግን ሶላር ሳይሆን ተራ ቦይለር ሆኗል።

ሒሳቡን መሥራት አያስቸግርም። 200 ሊትር ውኃን ከ18 ወደ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 8.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። በየቀኑ ይህን የሚጠቀም ቤት በወር ወደ 258 ኪሎ ዋት ሰዓት በቆጣሪው ላይ ያስመዘግባል ማለት ነው፤ በበርሜሉ ግድግዳ በኩል የሚባክነው ሙቀት ሳይቆጠር። የኤሌክትሪክ ታሪፍ በእርከን በሚከፈልበትና ከ2017 ዓ.ም መጀመሪያ አንሥቶ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል በተወሰነበት አገር ይህ ተጨማሪ ፍጆታ ቤቱን ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋው ይችላል። አሥር ክፍል ላለው የእንግዳ ማረፊያ ሲሆን ሒሳቡ ሌላ ነው። ሂሳብ ሠራተኛው «መብራት ጨመረ» ብሎ ያልፈዋል እንጂ ጣሪያውን የሚጠረጥር የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ምንም ወጪ የለውም። ፀሐይ በሚወጣበት ወቅት የሬዚስታንሱን ብሬከር ለሁለት ቀን አጥፍቶ መጠበቅ ነው። በሁለተኛው ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ውኃው ትኩስ ከሆነ ሶላሩ ጤነኛ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ይህን ፈትኖ «ተበላሸ» ማለት ግን በዕቃው ላይ መፍረድ ነው፤ በክረምት ደመና የትኛውም ሶላር ይደክማል። በእስራኤል ከ1980 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች፣ ከተወሰኑ ከፍተኛ ሕንፃዎች በስተቀር፣ የፀሐይ ማሞቂያ በሕግ ግዴታ ነው። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ዱድ ሸመሽ» የሚሉት ዕቃ የኤሌክትሪኩ ማብሪያ ቤት ውስጥ ሆኖ ሲበራ ቀይ መብራት ያሳያል፤ ያየ ሁሉ ገንዘብ እየወጣ መሆኑን ያውቃል። የእኛ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ይህችን መብራት ቢጨምሩ ብዙ ቤት ከስውር ወጪ ይድን ነበር።

ፈተናው ውኃው ቀዝቃዛ መሆኑን ካሳየ ቀጣዩ ጥያቄ ሙቀቱ የት እንደቀረ ነው። ወደ ጣሪያ ወጥቶ ከበርሜሉ የሚወጣውን የሙቅ ውኃ ቧንቧ፣ ታች ሻወሩ ተከፍቶ ውኃ እየሄደ ሳለ፣ በጥንቃቄ መንካት ነው። ላይ ትኩስ ታች ቀዝቃዛ ከሆነ ማሞቂያው ነፃ ነው፤ ተከሳሹ የቤቱ መስመር ነው።

እዚህ ላይ የከተማችን ልዩ ችግር ይመጣል። የመስመር ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ቤት ውኃውን በሮቶ ያጠራቅምና በፓምፕ ይገፋዋል። ቀዝቃዛው መስመር የፓምፕ ግፊት ሲኖረው ሙቁ ግን በብዙ ቤት ከጣሪያ በራሱ ክብደት ብቻ ይወርዳል። ሁለቱ የሚገናኙት በሻወሩ ሚክሰር ውስጥ ነው። የሚክሰሩ ጎማ ካረጀ፣ ወይም ሰዎች ሚክሰሩን ክፍት ትተው ውኃውን ከእጅ ሻወሩ ጫፍ ላይ ብቻ የሚዘጉ ከሆነ፣ ጉልበተኛው ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ሙቁ መስመር ይገባና መንገዱን ይዘጋበታል። ቤተሰቡ ሙቁን ሲከፍት የሚያገኘው ቀዝቃዛውን ነው። ለማረጋገጥ ከበርሜሉ በሚወጣው የሙቅ ውኃ ቧንቧ ላይ ያለውን ቫልቭ ዘግቶ ታች የሙቁን ቧንቧ መክፈት ይበቃል። በመስመሩ የቀረው ወርዶ ካለቀ በኋላም ውኃው ሳያቋርጥ ከመጣ ከቀዝቃዛው መስመር እየተሻገረ ነው። መድኃኒቱ የሚክሰሩን የውስጥ ዕቃ መለወጥ ወይም ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ መግጠም ነው። ይህን ለማስተካከል ማሞቂያ የለወጠ ሰው አዲሱም እንደ አሮጌው ቀዝቃዛ ውኃ ይሰጠዋል፤ ጠቡም ከሻጩ ጋር ይሆናል።

በአንፃሩ ቧንቧው ላይም ቀዝቃዛ ከሆነ ነገሩ ወደ ማሞቂያው ይዞራል። ከቻይና የሚመጡት የመስታወት ቱቦ ያላቸው ማሞቂያዎች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። እያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ድርብ መስታወት ሲሆን በመካከሉ አየር የለም፤ ሙቀቱን የሚይዘው ያ ባዶነት ነው። በቱቦው የታችኛው ጫፍ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ብርማ ቅብ ይታያል። ቅቡ ነጭ ወተት መስሎ ከተገኘ አየር ገብቷል፤ ያ ቱቦ ሞቷል ማለት ነው። ሌላው ምልክት በእጅ ይገኛል፤ ጤነኛ ቱቦ በቀትር ፀሐይ ከውጭ ሲነካ ብዙም አይሞቅም፣ የሞተው ግን ይፋጃል፤ ሙቀቱን ወደ ውኃው ከመላክ ይልቅ ለነፋስ እየሰጠ ነውና። ከ20 ቱቦዎች አንዱ ሲሞት የሚቀንሰው ሙቀት ጥቂት ነው። አንዱ ሲሰበር ግን፣ ቱቦዎቹ በቀጥታ ለበርሜሉ ክፍት በሆኑበት ዓይነት፣ የበርሜሉ ውኃ በዚያች ቀዳዳ ይፈስሳል። ባለቤቱ ሙሉ በሙሉ ሙቅ ውኃ ስላጣ ሁሉ ነገር ያበቃ ይመስለዋል፤ የተበላሸው ግን አንድ ቱቦና አንድ ጎማ ነው።

ቱቦ የሚሰበረው በድንጋይ ብቻ አይደለም። ውኃ ለቀናት ጠፍቶ በርሜሉ ሲደርቅ ባዶው ቱቦ በፀሐይ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። እኩለ ቀን ላይ ውኃ መጣ ተብሎ ሲሞላ የጋለው መስታወት ቀዝቃዛውን ይቀበልና ይፈነዳል። ውኃ ከጠፋ በኋላ ሶላር የሚሞላው ማታ ወይም ማለዳ ነው። ጥበቃው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ይህን ካልተነገራቸው ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም።

ጠፍጣፋ ሰሌዳ ያላቸው ማሞቂያዎች ከዚህ ፍንዳታ ነፃ ናቸው፤ የእነርሱ ጠላት ኖራ መሰሉ ነጭ ቅርፊት ነው። በድሬዳዋና በመቀሌ የከርሰ ምድር ውኃ ካልሲየም ስለሚበዛበት በሰሌዳው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ቧንቧዎች ቀስ በቀስ ይጠባሉ። ምልክቱ በድንገት ሳይሆን በወራት ውስጥ ለብ እያለ የሚሄድ ውኃ ነው። ሰሌዳው በፀሐይ እየጋለ ወደ በርሜሉ የሚወጣው ቧንቧ ግን ለብ ብቻ ካለ ዑደቱ ታፍኗል። በሲትሪክ አሲድ ወይም በኮምጣጤ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል፤ ጠንካራ አሲድ ጨምሮ ቧንቧውን የሚበላ ሠራተኛ ግን ከቅርፊቱ የከፋ ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለው የማግኒዥየም ዘንግም በየጥቂት ዓመቱ መታየት አለበት። ዘንጉ እየተበላ ብረቱን ይጠብቃል፤ ሲያልቅ ዝገቱ ወደ በርሜሉ ይዞራል፤ ያኔ በእርግጥም መለወጥ ይመጣል።

ማታ ትኩስ ሆኖ ጠዋት የሚቀዘቅዝ ውኃም አለ። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ገጣሚው ቦታ ለማትረፍ ብሎ በርሜሉን ከሰሌዳው በበቂ ከፍታ ሳያስቀምጥ ሲቀር ነው፤ ሌሊት ዑደቱ ይገለበጥና ቀን የተጠራቀመው ሙቀት በሰሌዳው በኩል ወደ ሰማይ ይወጣል። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ያድነዋል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ብርዳማ ከተሞች ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በሰሌዳው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ሊተረትረው ይችላል።

ጥላ የሚባለውን ማንም አይቆጥረውም። ሶላሩ ሲገጠም ጎረቤቱ ባዶ ቦታ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። በታኅሣሥ ቀትር የአዲስ አበባ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትውል ከጣሪያው 10 ሜትር ከፍ ያለ የደቡብ ጎረቤት 6 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ በምሥራቅና በምዕራብ ያለው ደግሞ ጠዋቱን ወይም ከሰዓቱን ይወስዳል። መፍትሔው ቦታ መቀየር እንጂ ዕቃ መግዛት አይደለም። የበጋ አቧራም እንዲሁ ነው፤ ማለዳ ሳይሞቅ በውኃ ማጠብ ይበቃዋል።

ምርመራው ሁሉ ሲያልቅ ሬዚስታንሱን ወይም ቴርሞስታቱን መክፈት ካስፈለገ ያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ብሬከሩ ሳይጠፋ በውኃ ውስጥ ያለ ሽቦ አይነካም።

ለሚገዛው ሰው ከዋጋው ይልቅ የሚበልጥ ጥያቄ አለ፤ ሻጩ የዚያኑ ልክ ቱቦና ጎማ በመደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል ወይ? መለዋወጫ የሌለው ርካሽ ሶላር አንድ ቱቦ በተሰበረ ዕለት ውድ ይሆናል። የተሠራ ቤት የሚገዛ ወይም የሚያሻሽጥ ሰውም «ሶላር አለው» በሚለው ቃል ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ብሬከሩ ከአንድ ቀን በፊት እንዲጠፋ ማስደረግ አለበት። ከዚያ በፀሐያማ ቀን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሄዶ ሙቁን ቧንቧ መክፈት ነው። ውኃው ቀዝቃዛ ቢሆን እንኳ ግዢውን አያፈርስም፤ ሚክሰር ይሁን ቱቦ ተለይቶ ከታወቀ ዋጋው ከቤቱ ሽያጭ ላይ ይቀነሳል።