እጅ የማይቆርጥ፣ አረፋ ያለው ሳሙና በቤታችሁ ሥሩ

ሳሙና ሲወደድ ምን ይሆናል? ልብስ ሳይታጠብ ይሰነብታል። ልጅም ፊቱን ሳይታጠብ ይውላል። ዓይናር ያለበት ፊት ላይ ዝንብ ያርፋል። ዝንብም ትራኮማን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ታደርሳለች። እጅን በሳሙና መታጠብ ደግሞ ተቅማጥን ይከላከላል። ስለዚህ ሳሙና የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

«ቤት የሠራነው ሳሙና እጅ ይቆርጣል፤ አረፋም የለው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይደርሳል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኮስቲክ ሶዳው በግምት ይጨመራል። ሁለተኛ፣ ቅባቱ ሳይመረጥ ይገባል።

ቅባትና ሶዳ ሲዋሐዱ ሳሙና ይሆናሉ። ሶዳው ከበዛ ትራፊው ቆዳ ያቃጥላል። ቅባቱ ትንሽ ከበለጠ ግን ሳሙናው ቆዳ አይጎዳም። አሁን ቅባቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የበሬ ሞራ፦ ጠንካራ ሳሙና ይወጣዋል። ቶሎም አያልቅም። አረፋው ግን ትንሽ ነው። ሞራው ቀልጦ፣ ተጣርቶ ይግባ። ሞራ ከሌለ የሚረጋው የፓልም ዘይት ይተካዋል፤ ልኩ አይለወጥም።

የኑግ ዘይት፦ ቆዳ አያደርቅም። ብቻውን ከሆነ ግን ሳሙናው ይልፈሰፈሳል፤ ሲሰነብትም ይሸታል። ስለዚህ በትንሹ ይግባ።

የጉሎ ዘይት፦ እናቶች ምጣድ የሚያስሱበት ጉሎ ነው። አረፋውን የሚያበዛው እሱ ነው። ከአሥር እጅ አንድ እጅ ይበቃል። ከበዛ ሳሙናው ይጣበቃል። ልብ በሉ! የጉሎ ፍሬ መርዝ ነው። ልጅም ከብትም እንዳይበላው።

የኮኮናት ዘይት፦ አረፋው ብዙ ነው። ግን ውድ ነው፤ ከበዛም ቆዳ ያደርቃል።

ልኩ ይህ ነው፦
ሞራ 700 ግራም
የኑግ ዘይት 200 ግራም
የጉሎ ዘይት 100 ግራም
ኮስቲክ ሶዳ 130 ግራም
ውሃ 300 ግራም

ሁሉም በሚዛን ይለካ። በብርጭቆና በጭልፋ አይሆንም። ሚዛን በየቤቱ ከሌለ በማኅበር አንድ ግዙ።

አሠራሩ፦
1. ከቤት ውጭ ሥሩ። ዓይናችሁንና እጃችሁን ሸፍኑ። ልጆችን አርቁ።
2. ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃው ጨምሩ። ውሃን በሶዳ ላይ ከቶ አታፍስሱ፤ ፈልቶ ይረጫል።
3. የአሉሚኒየም ድስት አይሁን፤ ሶዳ ይበላዋል። ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን።
4. ሞራውን አቅልጣችሁ ከዘይቶቹ ጋር ቀላቅሉ። ሁለቱም ለብ ሲሉ፣ ሞራው ሳይረጋ፣ የሶዳውን ውሃ ወደ ቅባቱ በቀስታ ጨምሩ።
5. እንደ ወፍራም አጥሚት እስኪሆን በእንጨት አማስሉ። በእጅ ሲማሰል አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አትሰልቹ።
6. ላስቲክ በተነጠፈበት የእንጨት ሣጥን ገልብጡት። ሲጠነክር፣ እጃችሁን ሸፍናችሁ ቁረጡት።
7. ጥላ ሥር 4 ሳምንት ይድረቅ። ያን ጊዜ ይጠነክራል፣ ቆዳም አይቆረቁርም።

ሶዳ ቢረጫችሁ ወዲያው በብዙ ውሃ ደጋግማችሁ ታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ እየታጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ፊደል የቆጠራችሁበት ጥቅም ይታያል። የሶዳው ዕቃ ላይ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉ። ማንበብ የማይችል ሕፃን እንዳያገኘው ደግሞ ቆልፉበት። የሳሙናው ሣጥን ላይ የሠራችሁበትን ቀን ጻፉ። 28 ቀን ቁጠሩ።

ጎረቤታችሁ ገና ማንበብ ካልጀመረ ይህን አንብቡለት። በተለይ ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ አንብቡለት። በግምት የሚሠራ ሳሙና እጅ ያቃጥላል፤ በልክ የሚሠራ ሳሙና ግን የሕፃን ፊት ያጥባል።