ያለ ቃል የሚናገር ኮምፒውተር

ብስራተ ገብርኤል፣ ዋናው መንገድ ዳር ካለ ካፌ ተቀምጦ ላፕቶፕ የከፈተ ዓይነ ስውር ተማሪ እንውሰድ። ማውስ አይነካም፤ ሥራው ሁሉ በኪቦርድ ነው። በአንድ ጆሮው ኢርፎን ሰክቷል፤ ሌላው ለአስተናጋጇና ለጓደኞቹ ክፍት ነው። ውጭ የታክሲ ረዳቶች «መካኒሳ! ጀሞ!» እያሉ ይጣራሉ። ኢርፎኑ ውስጥ ደግሞ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ያነብለታል።

ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዱ ኤንቪዲኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ጀመረው፤ በነፃ ስለሚገኝም ኪሱ ለሳሳ ተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

ንግግር ግን ጊዜ ይበላል። ተማሪው ትልቅ ፋይል እያወረደ ጽሑፍ ሲያነብ፣ ፕሮግራሙ «አሥር በመቶ፣ አሥራ አንድ በመቶ» እያለ ቢያቋርጠው ንባቡ ይበጣጠሳል። ኤንቪዲኤ ለዚህ የሚጠቀመው አጭር «ቲት» ነው። ሲጀምር ድምፁ ወፍራም ነው፣ 110 ኸርዝ። ሥራው በ25 በመቶ በገፋ ቁጥር ኸርዙ እጥፍ ይሆናል፤ ሲያልቅ 1,760 ደርሶ ቀጭን ይሆናል። ተማሪው ንባቡን ሳያቆም ምን ያህል እንደቀረው ያውቃል።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ዊሊያም ጌቨር ለአፕል ኮምፒውተር የሠራውን ሶኒክፋይንደርን ለሙያ ባልደረቦቹ አስተዋወቀ። በእሱ ፕሮግራም ትልቅ ፋይል ሲነካ ወፍራም፣ ትንሹ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ፋይል ሲገለበጥም ውኃ ዕቃ ውስጥ ሲንቆረቆር ይሰማል። ጀሪካን ከቧንቧ ሥር የደቀነ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም፤ ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ሊሞላ መሆኑን ጆሮው ይነግረዋል። በዚያው ዓመት ሜራ ብላትነርና ባልደረቦቿ ሌላ መንገድ አቀረቡ፦ ለእያንዳንዱ መልእክት አጭር ዜማ መስጠት። እንዲህ ያለው ዜማ በተፈጥሮ ከሚታወቅ ነገር ጋር ስለማይመሳሰል መለመድ አለበት፤ በምትኩ ግን በዓለም ላይ ድምፅ ለሌለው ነገር ሁሉ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ሁለቱም ሐሳቦች በዓይነ ስውራን ኮምፒውተር ውስጥ ይሠራሉ። ፊደል ሲሳሳቱ አጭር የጥዝዝታ ድምፅ ይሰማል። ድረ ገጽ ከማንበብ ወደ ቅጽ መሙላት ሲሻገሩ የተለየ ድምፅ ይመጣል፤ ስለዚህ የሚጫኑት ፊደል የት እንደሚገባ ግራ አይገባቸውም። ከተፈለገም የማውሱን ቦታ ጆሮ ይከተላል፦ ወደ ግራ ሲሄድ ድምፁ በግራ ጆሮ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ቀጭን ሆኖ ይሰማል።

ለእኛ ነገሩ ተጨማሪ ትርጉም አለው። ኤንቪዲኤ ይዞት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ አንባቢ አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ግን ደረቅ ስለሆነ ጆሮን ያደክማል። «ቲት» ግን ቋንቋ አይመርጥም፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ለሚናገር እኩል ይገባል። ምስጢርም ይጠብቃል። ታክሲ ውስጥ የላከውን ብር ስልኩ ጮክ ብሎ ከሚያነብበት፣ ገንዘቡ መድረሱን በአጭር ድምፅ ቢነግረው የሚመርጥ ብዙ ነው።

ድምፅ ንግግርን አይተካም። ስም የሌለውን በተን (የስክሪን መጫኛ) «ቲት» ማለት ብቻውን አያስረዳም፤ መጀመሪያ በተኑ ስም ሊሰጠው ይገባል። ድምፅ ሲበዛም ጫጫታ ይሆናል። ስለዚህ አፕ የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ፣ በተኖቻችሁን ሰይሙ፤ ለ«ተሳክቷል» እና ለ«አልተሳካም» ሁለት ለየቅል ድምፆች ስጡ፤ ሥራችሁንም ከመልቀቃችሁ በፊት ዓይነ ስውራን ተጠቃሚዎች ይሞክሩት። ወጪው ትንሽ ነው፤ ያለ ሰው እርዳታ የራስን ገንዘብ ማንቀሳቀስና የራስን ፈተና መሥራት ግን ሙሉ ሰው የመሆን መብት ነው።