ያልተሠራው የመተማ ባቡር በኮምፐርሳቶ ላይ

ሰሞኑን የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ «መተማ ደግሞ መቼ ነው ባቡር የገባው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ አልገባም። ያያችሁት ጣቢያ ያለው ገንደ ውሃ፣ እኔ ቤት፣ አንድ ኮምፐርሳቶ ላይ ነው። ቢሆንም ዝም ብዬ የፈጠርኩት አይደለም፤ ሐሳቡን ከየት እንዳገኘሁት ላስረዳ።

ቶማስ የሚባለውን ፊት ያለው ሰማያዊ ባቡር ልጆቻችሁ ከካርቱን ያውቁታል። ከካርቱኑ በፊት መጽሐፍ ነበር። ዊልበርት ኦውድሪ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኩፍኝ ይዞት ለተኛ ልጁ ያወራለት ተረት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1945 እ.ኤ.አ. ታተመ። መጻሕፍቱ ሲበዙ ልጆቹ አንባቢዎች አልለቀቁትም፤ እርስ በርሱ ያልተስማማውን ነገር ሁሉ እየነቀሱ ይጠይቁታል። እሱም ከወንድሙ ጋር ሆኖ ሶዶር የምትባል ደሴት ፈጠረ። በእንግሊዝና በማን ደሴት መካከል ባሕሩ ላይ አስቀመጣት፤ ካርታ ሣለላት፤ ታሪክ ጻፈላት። የቶማስን መስመርም ራሱ በሞዴል ሠርቶ በኤግዚቢሽን ያሳይ ነበር።

እኔን የማረከኝ የሰውዬው ጥንቃቄ ነው። ቶማስ ፋርኳር ወደሚባለው ጣቢያ የሚመላለሰው ለሽርሽር ብቻ አይደለም፤ እዚያ የሚጫን ድንጋይ አለ። ውሸቱ የቆመው ምክንያት ስላለው ነው።

ስለዚህ ደሴቷን ትቼ ዘዴውን ወሰድኩ፤ በእውነተኛ ቦታዎች መካከል የሌለ መስመር ማስገባት። ለዚህ ደግሞ መተማን የመሰለ ቦታ የለም። በአንድ ወቅት በወጣው የአገራችን የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ወረታ–አዘዞ–መተማ የሚል 244 ኪሎ ሜትር መስመር ነበረበት። ወረቀት ላይ ቀረ። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ የሱዳን ባቡር ገዳሪፍ ከደረሰ ወደ መቶ ዓመት እየተጠጋው ነው፤ ገዳሪፍ ከመተማ ፊት ለፊት ካለችው የሱዳን ከተማ ከገላባት ወደ 150 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እኔ ሁለቱንም አመጣሁና ድንበሩ ላይ ባለችው በመተማ ዮሐንስ አገናኘኋቸው።

ልክ ሲገናኙ ችግር ይመጣል። የሱዳን ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1067 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኛ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ግን 1435። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም። እንግዲህ ከአዘዞ የወረደው ባቡር መተማ ላይ ይቆማል፤ ጭነቱ ይራገፋል፤ ወደ ሱዳኑ ፉርጎ ይዞራል። ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ራስ ምታት ነው፤ ለሞዴል ሠሪ ግን ሲሳይ ነው። ጫኝና አውራጁ፣ መጋዘኑ፣ ሚዛኑ፣ ሻይ ቤቱ፣ ደላላው ሁሉ ጣቢያው ላይ የመቆም ምክንያት አገኘ።

ልኬቱንም የወሰነልኝ የሱዳኑ ሐዲድ ስፋት ነው። በሱቅ በብዛት የሚገኘው የሞዴል ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። 1067ን ለ64 ብታካፍሉት እዚያው አካባቢ ይወድቃል። ስለዚህ ሁሉን ነገር በ64 አሳነስኩ። የሱዳኑን መስመር ከውጭ በተላከልኝ ሐዲድ ዘረጋሁ። የእኛው 22.4 ሚሊ ሜትር ስለሚመጣ በገዛ እጄ ከወፍራም ሽቦና ከጣውላ ቅራፊ ሠራሁት፤ ባቡሩ ለጊዜው እዚያ ላይ ቆሞ ይራገፋል እንጂ አይንቀሳቀስም።

በዚህ ልኬት ሰው 2.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለሚጫነው ሰሊጥ የኩንታል ጆንያውን ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሰፋሁት። ልጄ «እውነተኛ ሰሊጥ እንጨምርበት» አለችኝ፤ አስልተን አየነው። ሦስት ሚሊ ሜትር የምታህል ፍሬ በ64 ስትባዛ 19 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ሐብሐብ የምታክል ሰሊጥ ማለት ነው። በሰጋቱራ ሞላነው። ከመጋዘኑ ጀርባ የሰሊጥ ማሳ አለ፤ ጥቅምት ላይ ታጭዶ እንዲደርቅ ቀጥ ብሎ የቆመውን የሰሊጥ ክምር፣ ሂላውን፣ ከስንደዶ አሰርኩ። ሳሉጎቹን፣ ማለትም ለአጨዳ የሚመጡትን የጉልበት ሠራተኞች፣ ከመዳብ ሽቦ ጠምዝዤ አጠገቡ አቆምኳቸው። ከሰሊጡ ሌላ የሚጫነው ጥጥና የመተማ እጣን ነው።

«አይከልስ የታለ?» ላላችሁኝ፦ ከአዘዞ ወደ መተማ ሲወርዱ የሚያልፉባት አይከል ከፍታዋ ከ2000 ሜትር በላይ ነው፤ ገንደ ውሃ ከ800 በታች። ባቡር እንደ አይሱዙ ቁልቁለቱን ተጠማዝዞ አይወርድም፤ በየመቶ ሜትሩ 2 ሜትር ቢወርድ እንኳ ብዙ ነው የሚባለው። በዚህ ሒሳብ ለ1300 ሜትር ቁልቁለት 65 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይጠይቃል፤ በ64 ቢያሳንሱትም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የኔ ቤት አራት ሜትር አይሞላም! ስለዚህ መስመሩ ከፍሪጅ ማሸጊያ ፎም በሠራሁት ኮረብታ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ያን መስመር መሥራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ኮረብታውን ስቀርጽ በእጄ ዳሰስኩት።

ቆላ ውስጥ ለምትሠሩ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ ሙቀት፦ ብረት ሲግል ይረዝማል። የአንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለጠጣል። በሞዴል ላይ ትንሽ ቢሆንም ሐዲዱን ያጣምማል፤ በየመጋጠሚያው የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ተዉ። ሁለተኛ ምስጥ፦ የጠረጴዛውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አትጨነቁ፤ ሞተሩ የሚፈልገው 12 ቮልት ነውና የሶላር ባትሪ ይበቃዋል፤ በመካከል መቆጣጠሪያ ይግባ እንጂ።

የስም ነገር፦ ኦውድሪ ለባቡሮቹ የሰው ስም ሰጣቸው፤ እኛ ቤት የወንዝ ስም ነው ያላቸው። የሱዳኑ መስመር ላይ የሚሠራው ጓንግ ይባላል። ጓንግ ከእኛ ወርዶ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ዓባይን የሚቀላቀለውም የሱዳን ባቡር ዋና መሥሪያ ቤትና ጋራዥ ባለበት በአትባራ ከተማ ነው። ከአዘዞ የመጣው ደግሞ ሽንፋ ነው፤ ቆሞ ስለሚውል ልጄ «ሰነፍ» ትለዋለች።

መጀመር ለምትፈልጉ ምክሬ አጭር ነው። ሐዲድ ለመግዛት አትቸኩሉ። ባቡር ያልደረሰበትን ከተማችሁን ምረጡ፤ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ገበያ ውጡ፤ ምን እንደሚጫን፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚሸከመው ጻፉ። ጭነቱን ካገኛችሁ ጣቢያው የት እንደሚቆም ራሱ ይነግራችኋል። ካርታችሁን ሥላችሁ ላኩልኝ፤ ልኬቱን አብረን እናወጣዋለን።