ከሞምባሳ እስከ ማሊንዲ፦ የአንድ ቀን ጉዞ ጭነት ባዘለ ብስክሌት

በኬንያ የባሕር ጠረፍ ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ ማሊንዲ እስኪደርስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። መኪና ይህን ርቀት በጥቂት ሰዓታት ይጨርሰዋል፤ ድንኳኑን፣ ልብሱን፣ ስንቁንና ውሃውን በብስክሌት ጭኖ ለሚጓዝ ሰው ግን ከንጋት እስከ ምሽት የሚወስድ ሙሉ የሥራ ቀን ነው። ጭነት ይዞ መንገድ መምታት ለሠራዊታችን አባልም ሆነ ለባለቤቱ እንግዳ ነገር ባለመሆኑ፣ የዚህን ቀን ውሎ በቤተሰብ አምዳችን ማቅረቡን መርጠናል።

ጉዞው የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት፣ ከአጫጫኑ ነው። በወታደር የጀርባ ሻንጣ ውስጥ ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በብስክሌት ላይ ግን ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጎማው መካከል ቀርቦ፣ በግራና በቀኝ እኩል ተመዝኖ መታሰር አለበት። ከላይ የተቆለለ 20 ኪሎ ቁልቁለት ላይ መሪውን ያወዛውዛል፤ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የነጂውን ትከሻ ሲያሠቃይ ይውላል። ከዘመቻ በፊት የባሏን ሻንጣ ያሰናዳች ሚስት ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻትም። መንፊያ፣ ማጣበቂያና ትርፍ ካላማዳሪያ ግን ከሁሉም በላይ፣ እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ይሁኑ፤ የግራር እሾህ ቀጠሮ አይሰጥምና።

ሁለተኛው ጉዳይ ነፋስ ነው። በዚያ ጠረፍ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ግድም ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ ስዋሂሊዎች ካስካዚ ይሉታል፤ ከሚያዝያ በኋላ ከደቡብ በኩል የሚመጣው ኩሲ ይባላል። የጥንት ባለ ሸራ ጀልባዎች ሥራ በእነዚህ ሁለት ነፋሳት የተወሰነ ነበር። ወደ ሰሜን የሚነዳ ብስክሌተኛም ኩሲን ከጀርባው ቢያደርግ ያተርፋል፤ ሆኖም ሚያዝያና ግንቦት ዝናብ የሚበዛባቸው ስለሆኑ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የተሻለ ነው።

ሰዓት አቆጣጠሩ ኢትዮጵያዊውን አያደናግረውም። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛ ቀኑን ከንጋት ይቆጥራልና «ሳ ሞጃ» ሲል የእኛኑ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ተሽከርካሪ የሚሄደው በግራ በኩል መሆኑን ግን መዘንጋት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በ1980 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የኒያሊ ድልድይ ተሻግሮ የሚወጣ ተጓዥ፣ ቀኑን ሙሉ ከማዕበል ጎን እነዳለሁ ብሎ ተስፋ ካደረገ ቅር መሰኘቱ አይቀርም። መንገዱ ከውሃው ራቅ ብሎ በኮኮናት ዛፎች፣ ቪፒንጎ ላይ ደግሞ በሰልፍ በቆመው የቃጫ ተክል መካከል ያልፋል። ባሕሩ ራሱን የሚያሳየው ወደ የብስ ጠልቆ በገባባቸው ስፍራዎች ነው፤ ምትዋፓ ላይ አንድ ጊዜ፣ ኪሊፊ ላይ ደግሞ ከሁሉም በላቀ ውበት። የኪሊፊ ድልድይ በ1991 እ.ኤ.አ. እስኪከፈት ድረስ መንገደኛ ሁሉ ተሰልፎ ጀልባ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ከድልድዩ ላይ ቆሞ ሰማያዊውን ውሃና ግዙፎቹን የባኦባብ ዛፎች ማየት ይቻላል። እዚህ ግማሽ መንገድ አልቋል፤ ፀሐዩም በርትቷልና እስከ ሰባት ሰዓት ጥላ ሥር ማረፍ ግድ ነው።

ከጠረፉ ውበት ይልቅ ትኩረት የሚገባቸው ግን በዚህ መንገድ የሚመላለሱት የአገሬው ብስክሌተኞች ናቸው። ማርሽ የሌለው፣ «ብላክ ማምባ» በሚል የመርዘኛ እባብ ስም የሚጠራው ከባድ ጥቁር ብስክሌት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ያህል ሲጫን 80 ኪሎ ውሃ ይሸከማል። መንገደኛው 20 ኪሎውን የጫነው ወዶ ነው፤ እነርሱ የሚጭኑት ለእንጀራ ነው። ብስክሌት በሌለበት ቤት ደግሞ ጀሪካኑ የሚወጣው በሴቲቱ ራስ ላይ ነው። በእኛ አገር ራስ በጀርባ ቢተካ የሸክሙ ክብደት አይለወጥም። አንድ ብስክሌት ሴቲቱን ከአራት ምልልስ ሦስቱን ያስቀርላታል። በዲየን ቢየን ፉ ዘመቻ በ1954 እ.ኤ.አ. ቬትናማውያን ክፈፉን አጠናክረው፣ መሪው ላይ የቀርከሃ ዘንግ አስረው፣ 200 ኪሎና ከዚያ በላይ በአንድ ብስክሌት እየገፉ ስንቅና ጥይት ማድረሳቸውን የሚያደንቅ ወታደር፣ የራሱ ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ ሳለ ባለቤቱ ከቦኖ ውሃ ተሸክማ ስትመለስ ዝም ብሎ ማየት አይገባውም።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋውን የአራቡኮ ሶኮኬ ደን ታክኮ ያልፋል። ከማሊንዲ በፊት፣ 15 ኪሎ ሜትር ግድም ሲቀር፣ ከባሕር ድንጋይ የተሠራችው የጌዲ ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል። መስጊዶቿና ቤተ መንግሥቷ ዛሬ ዛፍ በቅሎባቸዋል፤ ከቻይና የመጡ የሸክላ ዕቃዎች በቁፋሮ ተገኝተውባታል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነዋሪዎቿ ትተዋት የሄዱበት ምክንያት ነው ተብለው ከሚጠቀሱት መካከል አንዱ የጉድጓዶቿ ውሃ እየራቀ መሄዱ ነው።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ማሊንዲ ይደረሳል። ቫስኮ ዳ ጋማ በሚያዝያ 1498 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሶ መንገድ መሪ ካገኘ በኋላ በዚያው ወቅት ነፋስ ወደ ሕንድ ተሻግሯል፤ በስሙ የሚጠራው የድንጋይ ዓምድም ባሕሩን እያየ ቆሟል። ተጓዡ ገመዱን ፈትቶ ጓዙን ማውረድ ሲጀምር፣ ዓሣ ነጋዴዎች ቅርጫታቸውን በብስክሌታቸው ጀርባ ላይ አጥብቀው እያሰሩ ገና ሊነሡ ነው።