የነጋዴው ዕረፍት በክረምት፣ የደባርቅ ገበያ በበጋ

ለመርካቶ ነጋዴ ኢስታንቡል የዕቃ ከተማ ናት። ላለሊና መርተር ገብቶ ልብስ መርጦ፣ ጭነቱን አስይዞ የሚመለሰው ሰው ባሕሩን የሚያየው ከአውሮፕላን መስኮት ነው። ከዚያው ከተማ የአንድ ሰዓት ያህል በረራ የሚርቁት ቦድሩምና አንታሊያ ግን ሌላ ሸቀጥ ይሸጣሉ፤ አልጋ፣ ፀሐይና ሌሊቱን ሙሉ የማይበርድ ጫጫታ።

ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያ ለመዝለቅ የሚያቅድ ነጋዴ፣ የቪዛው ውጣ ውረድ ካለቀለት፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። «ሁሉን ያካተተ» በሚባለው አሠራር አልጋው፣ ምግቡና መጠጡ በአንድ ዋጋ ቀድሞ ይከፈላል። ወቅቱም ይመቸዋል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው፣ የበጀት ዓመቱም ሰኔ 30 ተጠናቆ ነጋዴው ትንሽ የሚተነፍሰው በክረምት ሲሆን፣ የቱርክ ባሕር ዳር የሚደራውም ልክ በዚያን ጊዜ ነው።

ይኸው ሰው «ዶላር ከምፈልግ ብሬን አገሬ ላውጣ» ብሎ ፊቱን ወደ ስሜን ተራሮች ቢያዞር ቀን መቁጠሪያው አይገጥምለትም። ሐምሌና ነሐሴ ሳንቃ በር ላይ ዝናብና ጉም ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ወጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ እንግዳ የሚያየው ነጭ መጋረጃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰማዩ ጠርቶ፣ አደይ አበባው ፈክቶ፣ ጭላዳው ሣሩ ላይ ተሰማርቶ በሚታይበት በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ደግሞ ልጆቹ ክፍል ገብተዋል። አባትየውም የ«ሀ» ምድብ ግብር ከፋይ ከሆነ እስከ ጥቅምት 30 ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ተቀምጧል።

ደባርቅ ገበያዋን በውጭ አገር እንግዳ ላይ እንድትመሠርት ካደረጓት ምክንያቶች አንዱ ይህ የወቅት አለመገጣጠም ሳይሆን አይቀርም። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከልሎ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ የወጣውም ከሃያ ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ ስም ያስገኘው በአብዛኛው በውጭ አገር ነው። እዚህ አገር ቤት ከራስ ደጀን ተራራ ይልቅ በስሙ የተጠራው ቢራ በብዙ ጠረጴዛ ላይ ይታወቃል።

ጉዞው የሚገዛበት መንገድም ከአንታሊያው ይለያል። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የደረሰ ሰው አስቀድሞ ፓርክ ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ የመግቢያ ይከፍላል። መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብለታል። በእግር የሚጓዝ ከሆነ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ ይከተላሉ። ለእያንዳንዱ ክፍያው ለየብቻ ነው። ለከተማ ሰው አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በቱርክ የባሕር ዳር ከተሞች ያሉ ባለ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ስለ «ሁሉን ያካተተ» የሚያነሱት ቅሬታ የታወቀ ነው፤ እንግዳው ከሆቴሉ አጥር አይወጣም።

የበቅሎዋ ሒሳብ ነገሩን ያስረዳል። ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ እያደረ አራት ቀን የሚጓዝ ቡድን ሦስት በቅሎ ቢይዝ 12 የበቅሎ ቀን ይሆናል። ተጓዡ ከጨነቅ በመኪና ቢመለስም በቅሎዎቹ በእግራቸው ስለሚመለሱ የመልሱም ይከፈላል። አንድ ቀን ብቻ ቢታሰብ ድምሩ 15 ነው። ነጂዎቹ፣ አብሳዩ፣ ስካውቱና ከገበያ የሚገዛው ሲጨመሩ አንድ ቡድን ለስንት ጎጆ እንደሚተርፍ መገመት አያዳግትም። በቅሎ አከራዮቹ በማኅበር ተደራጅተው በተራ ስለሚሠሩ የአንድ ቡድን መቅረት የአንድ ቤተሰብ ተራ መራቅ ነው። ጠዋት ከጎንደር ተነሥቶ፣ በመኪና ሳንቃ በር ደርሶ፣ ፎቶ አንሥቶ ማታ የሚመለሰው እንግዳ ግን የበቅሎ ቀኑ ዜሮ ነው። ጭላዳውን አይቷል፣ መግቢያውንም ከፍሏል። ለደባርቅ ገበያ ግን አልመጣም ማለት ይቻላል።

በአንድ ዓይነት ደንበኛ ላይ መንጠልጠል ያለው አደጋ ባለፉት ዓመታት በተደጋጋሚ ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ነዋሪ ፈጅቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ሲቀሰቀስም የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ አካባቢው እንዳይጓዙ አስጠነቀቁ። አውቶቡስ ገበያ ሲጠፋ ይቆማል፤ በቅሎ ግን ሥራ ኖረም አልኖረም ትበላለች። በ2008 ዓ.ም. ፓርኩ ውስጥ ከነበረው ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩት ወደ 2,500 የሚጠጉ ሰዎች ደግሞ ገብስ የሚዘሩበትን መሬትና ግጦሹን ትተው የመጡት ወደዚህችው ገበያ ነው።

ለአገር ውስጡ ተጓዥ የሚስማማው ጊዜ ጠባብ ይሁን እንጂ አለ። ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት ሁለት ሳምንት የማይሞሉ ቀናትና በጥር መጨረሻ ገደማ የሚሰጠው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ከስሜን በጋ ጋር ይገጥማሉ። ለጥምቀት ጎንደር የሚወርደው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ከእርሱ ጥቂቱ እንኳ ወደ ላይ ወጥቶ ሁለት ሌሊት ቢያድር ለደባርቅ ቀላል አይሆንም። በዚያ ላይ ጾሙ ተፈቷል። የውጭው ቡድን ፓስታና የታሸገ ምግብ ከጎንደር ጭኖ ሊመጣ ይችላል፤ የአዲስ አበባው ቤተሰብ ግን በግ ይፈልጋል፣ በጉም ያለው ደባርቅ ገበያ ነው።

ችግሩ ብርዱ ነው። በጥር ሌሊት ሳንቃ በር ላይ አመዳይ ይጥላል፤ ሕፃን ይዞ ድንኳን ውስጥ የሚያድር የከተማ ወላጅ ብዙ አይገኝም። ቡይት ራስ ላይ በ3,260 ሜትር ከፍታ የተሠራውን የመሰሉ ሎጆች ዋጋቸው በውጭ ምንዛሪ የሚያስብን እንግዳ ያለመ ነው። በሎጁና በድንኳኑ መካከል፣ አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ሳይሳቀቅ የሚከፍልበት፣ ምድጃና ሙቅ ውኃ ያለው ክፍል ያስፈልጋል። ፓርኩ ውስጥ መገንባት የተገደበ ስለሆነ ቦታው ደባርቅና የፓርኩ ዳር ይሆናል። ባለሀብቱ ከጎንደር አስፋልት ዳር ሌላ ፎቅ ከማቆሙ በፊት ይህን ቢያሰላ ይሻለዋል። እርግጥ ነው፣ መንገዱ ሰላም ካልሆነ ሞቃት ክፍልም ባዶውን ያድራል።

የዘንድሮውን ገና እዚያ ለማሳለፍ የሚያስብ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ከደባርቅ ሰዎች አስቀድሞ ይጠይቅ። የጥምቀት ሰሞን የጎንደር በረራና አልጋ ቀድሞ ስለሚያዝ፣ በቅሎና አብሳይም በኅዳር ቢነጋገርባቸው ይመረጣል።